የቱዝ-አሹ ጠማማ ጎማ

ዙራ መሞቷ የታወቀው ስልክ ሳትደውል በመቅረቷ ነው።

በቱዝ-አሹ የተራራ መተላለፊያ አናት ላይ ባለችው የአየር ሁኔታ መከታተያ ጣቢያ ብቻዋን ትኖር ነበር። ጎህ ሲቀድ ወደ ሳሪ-ኬቹ ከተማ እየደወለች ብርዱ ስንት እንደሆነ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ በረዶው ምን ያህል እንደተቆለለ ትናገራለች። ያን ዕለት ስልኩ ዝም አለ። በከተማው ቢሮ ተቀምጦ የምትለውን የሚቀበለው ካዲራሊ ጠበቀ፤ ራሱ ደወለ፤ ደግሞ ደወለ። በመጨረሻ ፖሊስ ጣቢያ ደወለ።

«ቀርታ አታውቅም» አለ። «ታማም ትደውላለች። እባካችሁ አንድ ሰው ይሂድላት።»

ስልኩን ያነሳው ሃምሳ አለቃ ታላይ መነጋገሪያውን በእጁ ሸፍኖ፣ «ሴትዮዋ እንቅልፍ ጥሏት ይሆናላ» አለ።

«ካፖርትህን ልበስ» አለው መርማሪ ሻርሼን፤ የራሱን ለብሶ ጨርሷል።

ሻርሼን ከቢሮ ወጥቶ ለመሄድ ሰበብ የሚፈልግ ሰው ነው። ሚስቱን ከቀበረ፣ አንድ ልጁም ሞስኮ ሄዳ ከቀረች ወዲህ፣ ጠዋት ከቤት ሲወጣ ሬዲዮኑን ከፍቶ ይሄዳል፤ ማታ በሩን ሲከፍት የሰው ድምፅ እንዲቀበለው። ብቻውን የሚኖር ሰው ድምፁ ሲጠፋ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም ነበር።

ሴትዮዋን ያገኟት ከጣቢያዋ ዝቅ ብሎ፣ መንገዱ ገደሉን ተጠግቶ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው። ከኪሎሜትር ድንጋዩ ሥር በጎኗ ተኝታለች። ያረጀ የወንድ የበግ ቆዳ ካፖርት ለብሳ፣ አንገትጌውን እስከ ዓይኗ ድረስ አቁማዋለች። አመዳይ ወርዶባት ካፖርቱ ነጥቷል። አጠገቧ አንድ ፋኖስ ወድቋል።

ሻርሼን ተንበርክኮ የካፖርቱን ቁልፎች ፈታ። ከሥሩ አረንጓዴ የሐር ቀሚስ፤ ጆሮዋ ላይ የብር ጉትቻ።

«ባይኬ፣ ይሄ የሠርግ ልብስ ነው እኮ» አለ ታላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። በዕድሜ የሚበልጠውን አለቃውን ሁልጊዜ ባይኬ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ እያለ ነው የሚጠራው።

«ሰው ልትቀበል ወጥታ ነው።»

ወደ ጣቢያዋ ወጡ። ምድጃው ቀዝቅዟል። ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ቦርሶክ የሚሉት የዘይት ጥብስ ዳቦ፣ ያልተነካ የእንጆሪ ማርማላታ፣ አፋቸው የተደፋ ሁለት ሲኒዎች። አንደኛው ወንበር ላይ አዲስ ትራስ ተደርጎበታል። ሻርሼን ትራሱን ቆሞ ሲያየው ቆየ።

ወደ መታጠፊያው ተመለሱ። ትናንት ከሰዓት ጉም ወርዶ ጭቃ ነበር፤ ሌሊት ብርዱ ጭቃውን እንደ ድንጋይ አድርቆታል። የገጫት መኪና ሽቅብ የመጣበትን ፈለግ ጎማው ላይ የበረዶ ሰንሰለት የታሰረበት የራሳቸው ጂፕ ፈጭቶታል። ቁልቁል የተመለሰበት ግን በሌላኛው ጎን እንዳለ ቀርቷል። ገዳዩ መታጠፊያው ላይ ዞሮ በመጣበት ሄዷል ማለት ነው። የኪሎሜትር ድንጋዩ ላይ ደግሞ የጎማ ጥቁረት ተለቅልቋል፤ ጥጉ ተሸርፏል።

«ና እስቲ ይህን እይ። ስንት መስመር ይታይሃል?»

«አራት።»

«ደህና መኪና ሁለት ነው የሚተወው። የኋላው ጎማ የፊቱን ፈለግ እየረገጠ ይሄዳል። የዚህኛው ግን ኋላው ወደ ጎን ወጥቷል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ በጎኑ ነው የሚሄደው።»

ታላይ ፊቱ በራ። «የእረኛው የሳጊን ላዳ ነዋ! ስትመጣ ወደ አንተ ትምጣ ወደ ጎረቤት ትሂድ የማይታወቅ እሷ ብቻ ናት። ደግሞ ከሴትዮዋ ጋር ተጣልተዋል፤ ውሾቹ አጥሯን ጥሰው መሣሪያዎቿን ሰባብረውባት ከስሳዋለች።»

ሻርሼን ወደ ጂፑ ሄዶ ባልዲ ይዞ ተመለሰ። ጀሶ በጥብጦ የኋላው ቀኝ ጎማ ፈለግ ላይ አፈሰሰና እስኪደርቅ ድረስ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ጠበቀ።

ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ ደወለለት። መኪናው ፊት ለፊት አልመታትም። ወገቧን በጎን ገፍቷት ጭንቅላቷ ከድንጋዩ ጋር ተጋጭቷል።

«የመኪና ጅራት ነው የሚመስለኝ፤ ፍሬን ይዞ ኋላው ሲሽከረከር» አለ ሐኪሙ። ከዚያ፣ «ወዲያው አልሞተችም። ሰው ቢያነሳት ትተርፍ ነበር። የጨረሳት ብርዱ ነው» ሲል ጨመረ።

ሻርሼን ከዚያ ወደ አየር ሁኔታ ቢሮው ሄደ። ካዲራሊ ከስልኩ ፊት ተቀምጧል። ሃምሳውን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ሹራቡን እስከ አገጩ የቆለፈ ሰው ነው። ያልተጠጣ ሻይ አጠገቡ ቀዝቅዟል።

«ወዳጇ ነበርክ?»

«እኔ? ድምጿን ነው የማውቀው። መልኳን አይቼ አላውቅም።»

«ይህን ሁሉ ዓመት?»

«እሷ አትወርድም፤ እኔም አልወጣም። ሥራው በስልክ ነው።»

«እንግዳ ትጠብቅ ነበር። ማን ሊሆን ይችላል?»

ካዲራሊ ስልኩን አየ። «ቁጥር ነው የምንነጋገረው፣ ባይኬ። ብርድ፣ ነፋስ፣ በረዶ።»

መነጋገሪያውን አንስቶ አዳመጠና መልሶ አስቀመጠው። ሻርሼን የሐዘን ነው ብሎ ገመተ፤ አልተሳሳተምም። ለዚች ሴት ሐዘን ያየበት የመጀመሪያ ሰው እሱ ስለነበር ወደደው። ሲወጣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ሄደ።

ሳጊን በረቱ ውስጥ በግ ሲቆጥር ነበር የተገኘው። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ድምፁ ከተራራ ተራራ የሚሰማ እረኛ ነው።

«ሰድቤያታለሁ» አለ። «አፌን እንጂ እጄን አላነሳሁባትም። እሷም እኮ ዝም አላለችም፤ ስድብ ታውቅበታለች።»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«አማቴ ዘንድ። በግ አርጄላት። ካላመናችሁ እሷን ጠይቋት።»

የሳጊን አማት ከሸለቆው ሥር የምትኖር ደረቅ ያለች አሮጊት ናት። ሁለቱን ፖሊሶች ከደጃፏ ሳታሳልፍ መለሰችላቸው።

«እዚህ ነበረ። እስኪመሽ ድረስ። ስጋዬን ሲበላ፣ ልጄን ሲያዝዛት።»

«እርግጠኛ ነዎት፣ እማ?»

«ልጄ፣ አልነበረም ብዬ ላሳስረው ብችል ደስ ባለኝ። ግን ነበረ።»

የፖሊስ ጣቢያው አለቃ ግን አልተዋጠለትም። «አማት ናት። ለአማቿ ሽፋን ትሰጣለች። መኪናው ጠማማ፣ ሰውየው ጠበኛ፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለና ሳጊንን እስር ቤት አስገባው።

በነጋታው ላዳዋን ወደ ኦስሞናሊ ጋራዥ ወሰዷት። ኦስሞናሊ ከተማው ውስጥ የጎማ አቅጣጫ የሚያስተካክል ብቸኛው ሰው ነው፤ ይህንንም ለመጣ ሁሉ ይናገራል። መኪናዋን ሽቅብ አንስቶ የኋላውን ቀኝ ጎማ በመዳፉ ዳበሰና ሳቀ።

«እያት! የውስጥ ጠርዟ ልሙጥ፣ ሽቦው ሊወጣ። የውጩ ግን እንዳለ ነው። አክስሏ ተጣሞ ጎማዋ ፊቷን ወደ ውጭ ከፍታለች። ገዳይዋ ይቺ ናት፣ ወንድሜ፤ አትድከም።»

ታላይ ግራ ገብቶት፣ «ለምንድን ነው አንድ ጎኑ ብቻ የተበላው?» ብሎ ጠየቀ።

ሻርሼን ወጣት ሳለ ለጦሩ ከባድ መኪና ነድቷል። «ጫማ እንደሚበላው ነው» አለው። «እግሩን ወደ ጎን እያዞረ የሚሄድ ሰው ሶሉ በአንድ በኩል ያልቃል። ጎማም ወደ መኪናው አቅጣጫ ካላየ እየተንከባለለም እየተጎተተም ነው የሚሄደው። ፊቱ ወደ ውጭ ከተከፈተ ውስጡ ይበላል፤ ፊቱ ወደ ውስጥ ከገባ ውጩ ይበላል። በአንድ ቀን ግን አይደለም። ወራት ይፈልጋል።»

የጀሶውን ቅርፅ ከጨርቅ ፈትቶ ከጎማው አጠገብ ያዘው። ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩ። ጀሶው ላይ የጎማው ጥርስ ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ነበር፤ ውስጡም ውጩም።

«ታዲያ ጎማ ቀይሯላ» አለ ኦስሞናሊ፤ ድምፁ ግን ላላ ብሏል።

«ይህ ጎማ ከዚህ ቸርኬ ከተፈታ ዓመት አልፎታል፤ ዝገቱን እየው። መታጠፊያው ላይ የነበረው መኪና ጠማማ ነው፣ ጎማው ግን አልተበላም። ወይ ጎማው አዲስ ነው፣ ወይ...»

«ወይ ጥመቱ አዲስ ነው» አለ ታላይ።

«ድንጋዩ ላይ ያለውን ጥቁረት አስታውስ። መኪናው ሲመጣ ደህና ነበር። እዚያው ነው የተጣመመው።»

ሳጊን ተፈታ። በዚያው ቀን ገበያ መሃል ቆሞ፣ በአንድ ጎን የተበላች ጎማው ከእስር እንዳዳነችው፣ ፖሊስ አሁን የሚፈልገው በቅርቡ የተጣመመ መኪና እንደሆነ ለሰማ ሁሉ ተናገረ። ሻርሼን ወሬው ሲደርሰው ተናደደ፤ ግን የሳጊንን አፍ የሚዘጋ ሰው በዚያ ወረዳ አልተፈጠረም።

ታላይ የሰፈሩን መኪና ሁሉ እየዞረ አየ። ሻርሼን የዙራን ዘመዶች ፈለገ። አንድ የአክስት ልጅ ካዛክስታን ውስጥ ተገኘ፤ በስልክ፣ «ቅበሯት፣ እኔ መምጣት አይመቸኝም» አለ። ሻርሼን መነጋገሪያውን ካስቀመጠ በኋላ ለልጁ ሊደውልላት አሰበና ሥራ ላይ ትሆናለች ብሎ ተወው።

በሳምንቱ መጨረሻ ላይ የካዲራሊን ቃል ለማስፈረም ቢሮው ሄደ። ታላይ ጂፑን ይዞት ስለነበር ካዲራሊ፣ «እኔ ላድርስዎት» አለ። ግቢው ውስጥ ያረጀች ሰማያዊ ጎልፍ መኪና ቆማለች። የኋላ ቀኝ ጎኗ ተጨርምቶ በመዶሻ ተቃንቷል።

የወንዙ ዳር መንገድ ቀጥ ያለ ነው። ካዲራሊ ቀጥ ብሎ ይነዳል፤ መሪው ግን በእጁ ላይ ዞሮ ነበር፤ ልክ ሊታጠፍ እንደሆነ ሰው። ሻርሼን መሪውን አየ። ይህን ሰው ሊጠረጥረው አልፈለገም።

«መሪህ ተጣሟል።»

«አዎ፣ በበጋ ነው። ከወንዙ ማዶ ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ከቋጥኝ ጋር ተጋጨሁ። ጎማውን ቢያዩት አንድ ጎኑ ተበልቶ አልቋል። ወር ከወር እያልኩ ሳላሠራው ቀረሁ።»

ሻርሼን ስለ ጎማ አልጠየቀም ነበር።

«ኦስሞናሊ ጋራዥ በኩል እናልፍ» አለ። «ያስተካክልልሃል።»

ካዲራሊ አልተቃወመም። መሪውን ወደ ጋራዡ አዞረ።

ኦስሞናሊ ጎልፏን አነሳት። ሻርሼን ራሱ ከሥሯ ገብቶ የኋላውን ቀኝ ጎማ ዳበሰ። እውነትም ተበልቷል፤ የውስጥ ጠርዙ ልሙጥ ነው። ካዲራሊ ከሩቅ ቆሞ፣ «አዩ?» የሚል ይመስላል። ለአፍታ ሻርሼን ቀለል አለው።

«ለካው» አለ ቢሆንም።

ኦስሞናሊ መለኪያውን አስሮ ለካ፤ ፈትቶ ደግሞ ለካ። ከዚያ ጨርቅ አንስቶ እጁን ሲጠርግ ቆየ።

«እንግዲህ፣ መርማሪ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። የዚች መኪና ጎማ ፊቱ ወደ ውስጥ ነው የገባው። ታቹም ወደ ውስጥ ተገፍቷል። በውጭ በኩል፣ ዝቅ ብሎ ነው የተመታችው።»

«ስለዚህ የሚበላው...»

«የውጩ ጠርዝ ነበር። ይሄ የተበላው በውስጥ ነው። ገልብጦ ገጥሞት እንዳልል ጎማው ከቸርኬው ጋር ከተጣበቀ ቆይቷል። ቸርኬውም የሌላ ነው፤ ሦስቱ ግራጫ፣ ይሄ ጥቁር።» ጨርቁን ወረወረ። «ይህ ጎማና ይህች መኪና አይተዋወቁም።»

ሻርሼን ዞረ። ካዲራሊ ያረጁ ጎማዎች ክምር ላይ ተቀምጧል።

«ሳጊን ገበያ ላይ ሲያወራ ሰምቼ ከቁርጥራጭ ብረት ሻጩ ነው የገዛሁት» አለ። «የተበላ ይሁን እንጂ በየት በኩል እንደሆነ ማየት እንዳለብኝ አላወቅኩም።»

«ያወጣኸው ጎማ የት አለ?»

«ቤቴ። አልጋ ሥር።»

ኦስሞናሊ ሳይጠየቅ ወደ ጓሮ ወጣ። ሻርሼን አንድ ጎማ አንከባሎ ካዲራሊ ፊት ተቀመጠበት።

«ትራሱ ላይ ልትቀመጥ የነበርከው አንተ ነህ።»

«የምን ትራስ?»

ሻርሼን ነገረው። ትራሱን፣ ሁለቱን ሲኒዎች፣ አረንጓዴውን ቀሚስ። ካዲራሊ ሰምቶ ሲጨርስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ ቀስ እያለ ተናገረ።

«በስልክ ቁጥሩን ከጨረሰች በኋላ ትንሽ ትቆያለች። መጀመሪያ አንድ ሁለት ቃል። ከዚያ ስለ ቀበሮዋ፤ ደጃፏ ድረስ የምትመጣ ቀበሮ ነበረቻት። ከዚያ ስለ እኔ ትጠይቃለች። ስለ እኔ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ ባይኬ። በዚህ መኸር ልምጣ አልኳት። ‹ከድምፄ ይልቅ እኔ አርጅቻለሁ› አለችኝ። ‹እኔም› አልኳት። ሳቀች። መንገዱ ሳይዘጋ ና አለችኝ።»

«በጉሙ ውስጥ ነዳህ።»

«ነዳሁ። መታጠፊያው ላይ ድንገት መብራት አየሁ፤ መሃል መንገድ። ፍሬን ያዝኩ። መኪናዋ ዞረች፣ ከኋላ ሁለት ጊዜ ተመታች። ወርጄ አየሁ። የወንድ ካፖርት የለበሰ ሰው። አይንቀሳቀስም። እረኛ መሰለኝ። ጠራሁት፣ አልመለሰም። ፊቱን ለማየት አልደፈርኩም። ሰው ገድዬ እሷ ቤት እንዴት እገባለሁ አልኩ። ዞሬ ወረድኩ።»

«ከዚያ ጠዋት ስልኩ አጠገብ ተቀመጥክ።»

«ምን ብዬ እንደምዋሻት ሌሊቱን ሳስብ ነበር። ጉሙ መለሰኝ ልላት ነበር። ጠበቅኩ። ሳትደውል ስትቀር መብራቱ ትዝ አለኝ።» ፋኖስ እንደያዘ ሰው እጁን ከፍ አደረገ። «መታጠፊያው እንዳያመልጠኝ ልታሳየኝ ነው የቆመችው። አይደል?»

«ይመስለኛል።»

«ከዚያ ወዲያ ያደረግኩት ሁሉ የፈሪ ነው። ለእናንተ ስደውል ግን ምናልባት እሷ አልነበረችም ብዬ ነው። ሌላ ሰው ሆኖ እሷ ተኝታ ቀርታ እንደሆነ ብዬ።» ቀና አለ። «ወዲያው ነው የሞተችው?»

ሻርሼን ሐኪሙ ያለውን ያውቃል። ወረቀቱም ኪሱ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ይህ ሰው በሌላ ሰው አፍ መስማቱ አይቀርም፤ ምናልባትም መስማት ይገባዋል። ዛሬ ግን አልነገረውም።

«ተነስ፣ እንሂድ» አለው ብቻ።

ዙራን የቀበሯት ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ነው። ዘመድ አልመጣም። መስጊዱ ጥቂት አዛውንቶችን ላከ፤ ሳጊን መጣ፤ ታላይ መጣ። ሻርሼን ከአለቃው ጋር ሲጨቃጨቅ ውሎ ካዲራሊን ይዞት መጣ፤ ሁለቱ እጆቹ በካቴና እንደታሰሩ። ነፋሱ የአዛውንቶቹን ነጭ ባርኔጣ ሊነጥቅ ይታገላል።

ጸሎቱ አለቀ። ኢማሙ እንደ ወጉ ወደ ቆሙት ዞሮ ጠየቀ።

«ወገኖች፣ ይህች ሴት ምን ዓይነት ሰው ነበረች?»

መልሱ አንድ ነው፤ ማንም ሲሞት የሚባለው። ግን ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሳጊን እንኳ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ከመሃላቸው አንድም ሰው ከእሷ ጋር ሻይ ጠጥቶ አያውቅም።

«ጥሩ ሰው ነበረች» አለ ካዲራሊ።

ኢማሙ ካቴናውን አየ፤ ከዚያ ፊቱን። «ታውቃታለህ?»

«ብርዱን ከነገረችኝ በኋላ፣ ‹አንተ ግን ስትወጣ አንገትህን ሸፍን› ትለኝ ነበር። በየቀኑ። በበጋም።» ወደ መቃብሩ ዞረ። «ጥሩ ሰው ነበረች።»

«ጥሩ ሰው ነበረች» አሉ ሌሎቹ ተከትለው፤ ሳጊንም ከሁሉ ጮክ ብሎ።

አፈሩን በየተራ መመለስ ጀመሩ። የሻርሼን ተራ ሲደርስ አካፋውን ተቀበለ፤ አንድ አካፋ አፈር ጣለ። ከዚያ ኪሱ ገብቶ የካቴናውን ቁልፍ አወጣ። ታላይ ሊናገር ሲል ዝም በል ብሎ በዓይኑ ነገረው። ካቴናውን ፈትቶ አካፋውን ለካዲራሊ ሰጠው።

ካዲራሊ አፈር መመለስ ጀመረ። በወጉ አንድ ሰው ሦስት አራት ጊዜ ጥሎ ለሚቀጥለው ያቀብላል። እሱ ግን አላቀበለም። አንዱ አዛውንት እጁን ዘርግቶ ጠበቀና አጠፈ። ማንም አልተናገረውም። ጉድጓዱ ሞልቶ ጉብ እስኪል ድረስ ብቻውን ሠራ፤ ሌሎቹ ነፋሱ ውስጥ ቆመው ጠበቁት።